ሆድ ያልፈጀው

ኩኦፒዮ፣ ጥር ነው። ሐይቁ ደርቆ ድንጋይ፣
ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ገና የለም ፀሐይ።
ጓንቴን አጥልቄ፣ ከበረዶው ሣጥን
ሁለት ብልቃጥ ሳብሁኝ፣ የባልና ሚስትን።

ስም የላቸው፤ ቁጥር ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ፣
ጥቁር ዳቦ ጠዋት፣ የዓሣ ሾርባ ማታ፤
ቅዳሜ አንድ ሳውና፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጭልፋ፣
ሠላሳ ስድስት ክረምት ጎን ለጎን ያንቀላፋ።

ታዲያ ለምን ተለያየ የአንጀታቸው ነገር?
ማሽኑ ፊደል ሲቆጥር፣ ሲፈታታ ያንን ዘር፣
በእሱ ጥቂት ናቸው፣ መድኃኒት የለመዱ፤
በእሷ ግን ጎጆ ቀለሱ፣ ተዋለዱ፣ ተዛመዱ።

ታፒዮ ባልደረባዬ በትከሻዬ አየና
«ስህተት ነው፣ ድገሚው» አለኝ።
ደገምሁት። ያው ነው ገና።

ሴትዮዋን አላውቃትም። ቅጹ ግን ትንሽ ይናገራል፦
ሥራ፦ የአረጋውያን ቤት፣ ሌሊት።
አንሶላ ይቀየራል፣
የሰው ሳል ይጠረጋል፣ የሰው ቁስል ይታጠባል።
ሽንቷ ሲያቃጥላት፣ በዓመት ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራት፣
ኪኒን።
ጡቷ ሲያብጥ ያኔ፣ ሕፃኑ እያለቀሰባት፣
ኪኒን።
በምጥ ሆዷ ተቀዶ ሲሰፋ፣ በደም ሥሯ የገባባት።

እሱስ?
በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ለጥርሱ።
ሌላው ባዶ ነው። «ደህና ነኝ» ይላል መልሱ።
ወይ ደህና ነው፣ ወይ ሐኪም ይፈራል፤
ቅጹ አይጠይቅም እሱን፣ በዚያው ያልፋል።

«ሆድ ይፍጀው» ይባላል። የእሷ ሆድ ግን አልፈጀውም፤
የዋጠችውን ሁሉ መዘገበው፣ አንዱንም አልረሳውም።
ሕመሙን ለመደችው፤ እነሱም መድኃኒቱን ለመዱ፤
በአንድ ገላ ሁለት መልመድ፣ የቱ ይሆን ከባዱ?

አንድ ጥንድ ብልቃጥ ምስክር አይሆንም፣ አውቃለሁ።
ሺህ ብልቃጥ ይቀረኛል። እጽፋለሁ፣ እዘጋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሸ። በረዶው ላይ፣ እርምጃዬን አሳጥሬ፣
ፋርማሲ ሄድሁ፤
ያ የሚያቃጥለኝ ተመልሷል፣ ሁለት ቀኑ ነው ዛሬ።
ከፊቴ ያለው ሰውዬ ለከንፈሩ ቅባት ይገዛል፣
ስለ ስኪው ያወራል፤ ወረፋው ቀስ እያለ ይጓዛል።

ፋርማሲስቷ ሐኪሙ የላከውን ዝም ብላ አነበበች።
«ባለፈው የወሰድሽው አልሠራም ማለት ነው» አለች፤
መልሴን ሳልጨርስ
ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ሣጥን አወረደች።