ሦስት ደቂቃ

የካቲት ነው በኦውሉ፤ ባሕሩ ድንጋይ ሆኗል፣
በምድር ቤቱ ጥግ ያረጀ ማሞቂያ ያቃስታል።
ከመስታወቱ ወዲያ ክፍል፣ ከመስታወቱ ወዲህ እኔ፤
እነሱ ፊታቸውን ያዩበታል፣ እነሱን ያያል ዓይኔ።
ጉልበቴ ላይ ሰሌዳ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ፣
በእጄ የሰዓት መቁጠሪያ፣ ሲጫኑት የሚነሣ፣ ሲጫኑት የሚመለስ።

ሥራዬ መቁጠር ነው።
እናት ትወጣለች፣ ሦስት ደቂቃ ትቆያለች፣
ልጁ ካልቻለ ግን ቀድማ ትገባለች።
የሚመዘነው መሄዷ አይደለም፤
ስትመለስ የሚሆነው ነው።

ጠዋት የመጣችው ቬንላ ገና በሩ ሲንቀሳቀስ
ጮኸች፣ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ እስኪደርስ።
እናቷ ገብታ አነሣቻት፤ አንገቷ ሥር ተወሸቀች፣
አርባ ሰከንድ ቆጠርኩ፤ ወርዳ ወደ ኳሷ ሄደች።
"ለ" ብዬ ጻፍኩ። ቀላል ነበር፣
የጫማ ክር እንደ ማሰር።

ከሰዓት ኢልሞ ገባ፣ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን የቀረው፣
ደረቱ ላይ ሦስት ቀጭን ሽቦ የለጠፍንበት።
ማርኬታ ከወረቀት ፋብሪካ ሌሊት ሠርታ
ሳትተኛ ነው ያመጣችው፣
ሰው ፊት እንዳታፍር የተተኮሰ ሸሚዝ አልብሳ።

ወጣች።
በሩን አንድ ጊዜ አየው።
የእንጨት ባቡሩን ገለበጠ፤ ጎማውን በአንድ ጣቱ አዞረ፣
ሲቆም አዞረ፣
ሲቆም አዞረ።
ተመለሰች፤ "ኢልሞ" አለች።
ጀርባውን ሰጥቷት ባቡሩን ወደ ግድግዳው ነዳ።
አጠገቤ ያለው ተማሪ፣ "ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" አለ፣
"የማያስቸግር እንግዳ!"

አርቮ ግን ከጥግ ጠራኝ፣ ከልብ መመዝገቢያው አጠገብ፣
መርፌው የጫረውን ወረቀት ዘርግቶ እንዳነብ።
በሩ ከተዘጋበት ቅጽበት ጀምሮ መስመሩ ይዘላል፣
ተራራ፣ ተራራ፣ ተራራ፣ ውሻ እንደሚያባርራት ጥንቸል።
ገና "ውሃ" ማለት ያልቻለ አፍ
"ሆድ ይፍጀው" ማለትን ከማን ተማረ?
ማርኬታን አልከስም። እሷንም ዝም በይ ብሎ ያሳደጋት አለ፤
ከዚያም በፊት ሌላ፣
በረዶ በበረዶ ላይ እየጣለ።

ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ካያኒ፣ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል፤
አራት ዓመቴ ነበር። እሑድ እሑድ እናቴ ከውጭ፣
እስከ ጉልበቷ በረዶ ውስጥ ቆማ በመስኮት ታየኛለች፤
ትንፋሿ መስታወቱን ሲሸፍነው በእጅጌዋ ትጠርገዋለች።
በመጀመሪያው እሑድ ጮኽኩ። በሁለተኛው መስኮቱን ቧጠጥኩ።
በአምስተኛው የአሻንጉሊቴን ፀጉር ማበጠር አላቋረጥኩም።
"ለምዳለች" አለች ነርሷ፤ መዝገቡም እንዲሁ አለ።
ቤት የመለሱኝ ቀን፣ እናቴ ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ
"እርስዎ" አልኳት።
እስክትሞት ድረስ "አንቺ" አላልኳትም።

ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ።
ጀርባውን የሚሰጠው በ"ሀ"፤
ሲያቅፉት የሚራገጥ፣ ሲያወርዱት የሚያለቅሰው በ"ሐ"።
ለዓይን ሁለት ናቸው፤ ለጆሮ አንድ ትንፋሽ፣
ብርድ የያዘው ሰው እጁን ሲያሞቅ እንደሚያወጣው።
"ሀ" ብዬ ጻፍኩ።

ማርኬታ በሩ ላይ ካፖርቱን እያለበሰችው
"አላስቸገረም አይደል?" አለችኝ፣ ኩራትና ድካም ተደባልቆባት።
"በፍጹም" አልኳት።
ጓንቱን በክር አንገቱ ላይ ስታንጠለጥል ጣቷን ያዘ።
አላያትም፤ የሚያየው
ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ ነበር።
ጣቷን ግን አልለቀቀም።
ይህን የምጽፍበት ሳጥን የለም።

ከሄዱ በኋላ አርቮ የወዲያኛውን መብራት አጠፋ፤
የእኔ በርቶ ቀረ።
እንዲህ ሲሆን መስታወቱ ይገለበጣል።
እዚያ አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ሰሌዳ ታቅፋለች፣
ዓይኗ ደረቅ ነው፣
"እርስዎ" ልላት ቃጣኝ።
ያኔ ነው እጄን ያየሁት፤
መቁጠሪያውን ሳላቆመው ቀርቼ
እስካሁን ይሄዳል።