የአንገት ልክ

"ሰው በእጁ አይለካ" አለኝ መላም ሺቱ፣
"ወገብም ይዋሻል፤ አንገት ነው እውነቱ።"

ካኖ፣ ከአሮጌው ቅጥር፣ ከቀለም ጉድጓድ ዳር፣
በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከእግሩ ሥር ስማር፣
ጎረቤቶቻችን ጨርቅ ደብዳቢዎች
ቀኑን ይቀጠቅጣሉ በግንድ መዶሻዎች
(የተነከረ ጨርቅ በብረት አይተኮስ፣
በእንጨት ይመታል እንጂ እስኪያበራ ድረስ)።
ድብ፣ ድብ፣ ድብ ሲሉ ግድግዳችን ይርዳል፣
የመላም መርፌ ግን ምቱን ጠብቆ ይሄዳል።

ደረት ላይ የሚሰፋው ስሙ "ስምንት ቢላ"፣
ስለት የለው፣ ደም የለው፤ ክር ብቻ የበላ።
አንዱ ቢላ ብቻ ሳምንት የሚፈጅ፣
ስምንቱ ሲያልቅ እንጂ ገንዘብ አይነካ እጅ።

አልሃጂ ባላራቤ፣ የለውዝ ነጋዴ፣
በበሩ በጎን ነው የሚገባው አንዳንዴ፤
ሆዱ ቀድሞት ደርሶ፣ ሳቁ ተከትሎ፣
"ለልጄ ኒካህ ነው፣ አደራህን!" ብሎ
ነጭ ጨርቅ ጣለልን፣ ሃያ ክንድ የሚሆን።
መላም ለካ አንገቱን። አንገቱን ብቻውን።

ባባን ሪጋ ልብስ ነው ወይስ ድንኳን እንበል፣
ሦስት ሰው ቢገባበት ቦታ የማይጎድል፤
ክንፉ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ ሲጣል
ከውስጥ ስንት ሰው አለ? ከውጭ ማን ያውቃል?
ልኩን ክር ላይ ቋጥሮ ከምስማር ሰቀለው፣
የመላም ደብተሩ ያ ቋጠሮ ክር ነው።

በሦስተኛው ቢላ አልሃጂ ሲመጣ
ፊት ለፊት ገባብን። ተቀመጠ። ቃል አጣ።
በሩን ማን አሰፋው? አልኩኝ በልቤ።
ያን ቀን አልሳቀም አልሃጂ ባላራቤ።
መላም ክሩን አውርዶ ባንገቱ አዞረው፣
ሁለት ጣት አስገባ፣ ዝም ብሎ ፈታው፣
"ያምርብሃል" አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣው።

ማታ፣ በኩራዙ፣ ካንገቱ ዙሪያ ላይ
የሰፋውን ሁሉ ሲተረትር ባይ፣
"መላም፣ ምን ነካህ?" አልኩት። "ክሩ ላልቶ ነው" አለኝ።
ዐይኑ ፈዝዞ ነበር፤ መርፌውን ሰጠኝ፣
ፈትል አስገባሁለት። ሌላ አላስጠየቀኝ።

አምስተኛው ቢላ፤ እንደገና ተፈታ።
ሰባተኛው፤ እንደገና፤ ሌሊቱን፣ በዝምታ።
ሐኪም ቤት ሄዶ እንደሁ ማንም አልነገረን፣
ያ ክር ነው፣ ከምስማሩ፣ የሚያወራልን።
ሦስት ቋጠሮ ቆመ ጎን ለጎን ተጠግቶ፣
እንደ ደረጃ፤ ሰውየው ቁልቁል ሲወርድ ታይቶ።

የኒካሁ ዕለት እኔ ሥጋ መጥበሻው ጋ ነበርኩ፣
አልሃጂ ሲገባ ግን እንጨቱን ይዤ ቆምኩ።
ልብሱ በነፋስ ሞልቶ፣ ደረቱ ላይ ስምንት ስለት፣
ካንገቱ ጥፍር አይገባም፤ ልክክ ያለለት።
"አቤት ውፍረት!" አለች አንዲት አክስት።
"ምን ያድርግ!" አሉ ወንዶቹ፣ "ለውዝ ዘንድሮ ተወደደ!"
ሙሽራዋ ተላቱ፣ ልትሰናበት ተንበርክካ፣
ጉልበቱን ስታቅፍ
እጇ በጨርቁ ውስጥ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ።
ቀና አለች። አባቷን አይደለም ያየችው፤
በሩ ጋ፣ ጫማው መሀል፣ መላምን አገኘችው።

ዝናቡ ሳይወጣ የአልሃጂ ልጅ መጣ፣
ነጭ ጨርቅ በብብቱ፣ ከንፈሩ የነጣ።
መላም መቀስ አነሳ፣ ቆረጠ ክንድ በክንድ፣
ያለ ክር፣ ያለ መርፌ፣ ዘርፉን ሳያጥፍ አንድ።
እኔ ከልማዴ እጄን ወደ ምስማር ስሰድ፣
"ልኩን ላምጣ?" ብዬ፣
ያዘኝ። ጣቱ ቀዝቃዛ ነው።
"ተወው፣ ኢሮ። ይኼኛው አንገት የሌለው ነው።"

ዛሬ ሱቄ ሌላ ነው፣ ሠፈሬም ሳቦን ጋሪ፣
ስምንቱን ቢላ መኪና ይሰፋል፤ እኔ ተመልካች፣ አዳሪ፤
በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ መብራት ካልሄደብኝ።
ትናንት ግን አንድ ደንበኛ፣ የዱሮ፣ ሳቂታ፣
በጎን የለመደው፣ ፊት ለፊት ገባብኝ።
ሜትሬ ፕላስቲክ ነው፤
ላልቶ ነው የምለው አንዲት ክር የለኝ።