ሦስት ሚሊሜትር ሰማይ

ሮላ ላይ ነው ሱቁ፣ ሻርጃ፣ ከኋላ በር፣
ውጭ አስፋልት ሲቀልጥ ውስጡ ብርድ የሚያስር።
ማተሚያው ያቃስታል፣ ቤቱ ቀለም ይሸታል፣
ሻጂ፣ የኬረላው፣ ከመቁረጫው ቆሞ ወረቀት ያስተኛል።
የኔ ሥራ ፋይል ነው።
የሰው ምስል ይመጣል ጠርዙ ሳይታሰብ፣
ቀለሙ ተምታቶ፣ ፊደሉ ሳይሰበሰብ፤
አቅንቼ፣ አጥርቼ፣ ሌላ እከፍታለሁ፣
የማላውቀው ሰው ሲስቅ ቀኑን አያለሁ።

ያን ዓርብ እጄ ላይ ሸራ ነበር፣ አሥራ ሁለት ሜትር፣
«ታላቅ ቅናሽ» የሚል፣ ድልድይ ላይ ሊወጠር።
እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ነጥብ አይሻም፤
በመኪና የሚያልፍ ሰው ስንጥቁን አያይም።
ከሩቅ ለሚታይ ነገር ጥቂት ነጥብ ይበቃል።
እኛም አገር ቤት ላሉት ከሩቅ ነው የምንታየው፤
በቅቶናል።

በሩን ገፍታ ገባች።
«ትርንጎ እባላለሁ፣ አጅማን ሰው ቤት ነው የምሠራ፤
እናቴን አትምልኝ፣ በር የምታህል አርገህ፣ ክፍሌ እስኪበራ።»
ስልኳን ዘረጋችልኝ። ፎቶው ከወንድሟ ወደ አክስቷ፣
ከአክስቷ ቤይሩት፣ ከቤይሩት ወደ እሷ፤
እጅ በእጅ ሲያልፍ እንደ ሳሙና አልቆ፣
ስድሳ ኪሎባይት ቀርቶት ነበር፣ ሳስቶ፣ ደቅቆ።

ባሳድገው ተበተነ። ጉንጯ ጡብ ጡብ ሆነ፣
ዓይኗ አራት ካሬ፣ ፈገግታዋ ደረጃ።
«በር ባሳክላት» አልኳት «እናትሽ አትገኝም፤
ግንብ ነው የሚወጣው።»
ዝም አለች።
ዝም ያለ ደንበኛ ወይ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ወይ ሌላ።
«ሳትፈርስ ስንት ታህላለች ታዲያ?»
መዳፌን ከፈትኩላት። «ይቺን። ግን ሙሉዋን።»
መዳፌን አየች፣ መዳፏን አየች፣ ሳቀች፦
«ይቺን ካከለችማ ጉያዬ ትገባለች፤
ማዳም ሻንጣ ስትፈትሽ አታገኛትም።»

ነጠላዋ ከምስሉ ጠርዝ ተጣብቋል፤
የሻጂ ቢላዋ ትርፍ ካላገኘ ሰው ይቆርጣል።
ሦስት ሚሊሜትር ዙሪያውን፣ ለስለቱ የሚገበር፤
ከባሕር ዛፉ አናት፣ ከጓሮዋ አጥር
ቆንጥሬ ቆንጥሬ ያንኑ ሰማይ፣
በትከሻዋ በኩል ቀጠልኩላት ከላይ።
ማንም አያየውም፤ ሊቆረጥ ነው የተሠራ።

ቀለሙን ስለውጥ ትርንጎ ደነገጠች።
«ቀሚሷ ለምን ጠቆረ? አረንጓዴው የት ሄደ?»
«ስልክሽ ከጀርባዋ መብራት አብርቶላት ነው፤
ወረቀት የራሱ መብራት የለው።
እኔ ያለኝ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ነው፤
ከነሱ የምትወጣው እናትሽ ይቺው ናት።»
ቀረብ ብላ አየች።
«ጠቆር ትላለች፣ እውነትህን ነው። ስልኩ ነው ያቀላት።»

ከሥሯ ስሟ ይጻፍ አለች። ማተሚያው ፊደላችንን አያውቅ፣
አምስት ባዶ ሳጥን ደረደረ።
ወደ ቅርጽ ልቀይረው፤ ከዚያ ወዲያ ግን
ፊደል አይደለም፣ ሥዕል ነው፣ አይታረምም።
«በእሳቱ ነው በንጉሡ?»
«ምኑ?»
«ሰርካለም ሲባል፣ ሰ-ው።»
አሰበች።
«ንጉሥ አታውቅም እናቴ።
እሳት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ሲገርፋት ነው የኖረ።
በእሳቱ አርገው።»
የኔታ ቢያዩኝ በንጉሡ ነው ባሉኝ ነበር።
በእሳቱ አረግኩት። ቆለፍኩት።

ማተሚያው እናትየዋን ተፋት።
ሻጂ አስተካከላት፣ ጨከነ፣ አራት ጊዜ፦ ቃ።
ትርንጎ አሥር ድርሃም ቆጥራ፣ ደረቷን በእጇ ይዛ፣
ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

ማታ ወለሉን ስጠርግ፣ ከ«ታላቅ ቅናሽ» ቅዳጅ መሃል
ክር የምታህል ሰማያዊ ቁራጭ አገኘሁ፤
ጎንበስ አልኩ።
ሻጂ መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ዘርግቶ
«ኸላስ?» አለኝ።
«ቆይ» አልኩት።