ተከታይ

በሃኮዳቴ ወደብ፣ በረዶ ሲጥል ሰነበተና፣
የስኩዊድ ጀልባው ሁሉ አምፖሉን አጥፍቶ ተኛና፣
እኔና ኖቡያ ከላምባው ምድጃ ሥር፣ ባንድ ብርድ ልብስ፣
«የጨው በር»ን ገባን፤ እራት ሳንበላ፣ ሌሊቱ እስኪገሠግስ።
እሱ ዐሥራ ሁለት፣ እኔ ሰባት ዓመት፤
መቆጣጠሪያው የሱ፣ የኔ ድርሻ ማየት።

ትንሽ ነበር ዓለሙ።
አንድ ዛፍ ሺህ ጊዜ ተደርድሮ ነበር ጫካ የሚባል፤
ንጉሥና ገበሬ መልካቸው አንድ ነው፣ ዘውዱ ብቻ ይለያል።
ሙዚቃው ሦስት ድምፅ፣ እንደ በር ደወል።
ድልድዩ ጫፍ ላይ ግን የቆመ ሽማግሌ፣
መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው ሁሌ፦
«ዛሬ ነፋሱ ከባሕር ነው።»
ሌላ ቃል አልነበረውም፤
ለሌላ ቃል የሚሆን ቦታ ካሴቱ ውስጥ አልተረፈውም።

የጎደለውን ግን ኖቡያ ሞላለት፤
«ልጁን ባሕር ወስዶት፣
ነፋስ ይመልሰው እንደሆን ብሎ ነው» አለኝ ባንዱ ሌሊት፤
እኔም ፊት ለሌለው ሰው፣ ለዐሥራ ስድስት ነጥብ ቁመት፣
ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩለት።

ከዚያ የካሴቱ ባትሪ ሞተ።
የሱ ሰማንያ ሰዓት፣ የኔ ሁለት ሰዓት፣ እኩል ባዶ ሆኑ፤
እንደገና እንጀምር ሳንባባል ዓመታት ባከኑ።

ሠላሳ ዓመት አልፎ ተከታዩ ወጣ።
ኖቡያ ናጎያ ነው፣ የመኪና ፋብሪካ፤ ለዘመን መለወጫም እንደ ልቡ አይመጣ።
ልጄ ሪኩቶ ነው ያስገዛኝ።
አቤት! ባሕሩ ያረጥባል፤
የቅጠል ጥላ እንኳ ለየብቻው ይወድቃል፤
ፈረሱ ዳገት ሲወጣ ያልበዋል፤
ካርታው ሲዘረጋ፣ ሲዘረጋ፣ ጣት ይደክማል።
ባትሪም የለው፤ የደረስንበት የሚቀመጠው ደመና ላይ ነው አሉ፤
ደመና ሲበተንስ የት ሊያኖሩት ነው ያሉ?
ሙዚቃውን ሰማንያ ሰው ይጫወተዋል፤ ያምራል፤
ዕቃ ሳጥብ ግን ያቺው ሦስት ድምፅ ናት አፌ ላይ የምትመላለስ።

ሮጬ ድልድዩ ጋ። ሽማግሌው አለ።
ስም አውጥተውለታል፣ ፊትና ሽበት ሰጥተውታል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ፦
የጨው ቀራጭ እንደነበር፣
ጡረታውን እንደነሱት፣ ጉልበቱን እንደሚያመው፣
አራት መቶ ዓረፍተ ነገር።
ልጅስ? አልኩት፤ ማለት፣ ከምርጫዎቹ አንዱን ነካሁ።
«አልወለድኩም» አለ።
እኔ ሠላሳ ዓመት ላልተወለደ ልጅ ሳዝን ኖሬያለሁ።

ያኑ ሌሊት ደወልኩ። «ልጅ የለውም» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልል።
ኖቡያ ዝም አለ፤ ከኋላው ማሽን ሲያጓራ ይሰማል።
«ዋሽቶሽ ነው» አለኝ፤
«ሽማግሌ ሰው ላላወቀው መንገደኛ
መቼ ሐዘኑን ይነግራል?»

በዚህ ልፈርድ ነበር፤ የፊተኛው ይበልጣል ብዬ ልዘጋው።
ግን እኔ ማን ነኝ?
የሱን ኮት እጅጌውን አጥፌ ለብሼ፣
የሱን ብስክሌት ሰንሰለቱ ከዛገ ወዲያ ወርሼ፣
መምህር ቶሚኦካ ደብተሬን ገልጠው «ወንድምሽ እኮ...» ሲሉ
አንገቴን ደፍቼ ያደግሁ፣
እኔም እኮ ክፍል ሁለት ነበርኩ።
ከኋላ የመጣ፣ አፉን ሳይከፍት ነው የሚመዘነው።

ስለዚህ ቆየሁ።
ሪኩቶ እንደኔ አይቸኩልም። ምርጫዎቹን ሁሉ ትቶ፣
ጀግናውን ከሽማግሌው ጎን አስቀመጠው፣ እግሩን ወደ ውሃው ዘርግቶ።
በፊተኛው መቀመጥ አልነበረም፤ ጀግና መሄድ ብቻ ነበር የሚያውቀው።
ፀሐይ ጠለቀች። የሽማግሌውን ጺም ነፋስ ነካ አደረገው።
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፦
«ዛሬ ነፋሱ ከባሕር ነው።»

«እማ፣ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለኝ ልጄ።
መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።
«እኔ ምን አውቄ» አልኩት፤ «አንተ ንገረኝ እንጂ።»

በማግስቱ ከናጎያ አጭር መልእክት ገባ፦
«ዋጋው ስንት ነው?»