ገላጭ

ሥራዬ ካፖርት ነው፤ ላይፕሲሽ፣ ከአዳራሽ ደጅ፣
በረዶ ያዘለ ኮት ሰቃይ፣ ቁጥር አዳይ እጅ።
ሰባት መቶ ትከሻ ሸክሙን ጥሎ ሲገባ፣
በበሩ ስንጥቅ ሾልኬ
ባንድ ዓይኔ እገባለሁ፣ እንደ ፈሪ ሌባ።
ይወጣል ባለ ፒያኖው፤
ያጥለቀልቀዋል የሕዝቡ ጭብጨባ።

ከሱ ኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ፣
ዕቃ እንደ ረሳ ሰው ጎንበስ ብሎ መጥቶ፣
ከግራ በኩል ይቀመጣል አንድ ሰው፤
ጥቁር ኮት ነው የለበሰው፣
ሁለተኛ ቁልፉን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አምና የበጠሰው።

ልሳነወርቅ ይባላል።
ስም ያወጡለት አያቱ ምን ቢያልሙ ነው ያኔ፣
ሃያ ስድስት ዓመት መድረክ ሲወጣ
ቃል አልሰማሁም እኔ።

ማተሚያ ሊማር ነው የመጣው፣ ግንቡ ሳይፈርስ በፊት፤
ኖታ ማንበብ የእሑድ ጨዋታው ነበር፣ የብቸኝነት፤
ፋብሪካው ሲዘጋ ጨዋታው እንጀራ ሆነው።
እንጀራም ሲባል፣ በማታ አርባ ዩሮ ነው።

ሥራው ገጽ መግለጥ፤
ገላጭ ነው፣ አይገለጥ።
መስመሩ ሊያልቅ ሲል ብድግ፣
በግራ እጁ ጫፏን ያዝ፣ ገለጥ፣
ቁጭ።
ደግሞ ብድግ፣ ደግሞ ገለጥ።
ሽቶ አይቀባም፤ ሽታ ሐሳብ ይበትናል።
ሰዓት አያስርም፤ ብልጭታው ዓይን ይወጋል።
ጉንፋን በያዘው ሰሞን
ሳሉን እንደ ክኒን ውጦ ያመሻል።

በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም ማታ ስንመለስ፣
ጠየቅሁት አንድ ቀን፣ ትንፋሻችን መስኮት ሲያለብስ፣
ከዚህ ሁሉ ዜማ የትኛው ነው የሚወደው?
«አልሰማሁትም» አለኝ።
«የሰማ ይዘገያል።
እሱ ከሚመታው አንድ መስመር ቀድሜ ነው የምኖረው፤
ሙዚቃው የሚጀምረው
እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው።»

እና ያች ማታ፣ የካቲት፣
ንፋስ ገባ ካንዱ በር
(ምናልባት ከእኔ ስንጥቅ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩት)፣
ገጹ ተነሥቶ ሊበር ሲል
በሁለት ጣት ያዘው፤ ቆሞ፣
ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይን እንዳይጋርድ ተጣሞ፣
አራት ደቂቃ ሙሉ።
ከክርኑ እስከ ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ወረቀቷ ግን ዝም።
ከሰባት መቶ ሰው አንድ ልብ ያለ የለም።

ጭብጨባው ፈነዳ፣ አበባ መጣ፣
ባለ ፒያኖው ሦስቴ ገብቶ ሦስቴ ወጣ፤
ልሳነወርቅ መጽሐፉን በደረቱ አቅፎ
ማጨብጨብ እንኳ አልቻለም፤ ሄደ በጎን አልፎ።
በማግስቱ ጋዜጣው
«ያልተንቀጠቀጠ እጅ» ብሎ ጻፈ።
እውነቱን ነው፤
የተንቀጠቀጠው የሌላ ሰው ነበር፣ ስሙ ታለፈ።

(በቀትር ባዶ አዳራሽ ፒያኖውን የቃኘችው ኡልሪከም አለች፤
እሷን ሌላ ቀን፤ የእሷ ጣጣ ረጅም ነው።)

ዘንድሮ ታብሌት መጣ፣ በእግር የሚገለጥ፤
ጫማ ጫን ሲያደርገው እልፍ ይላል፤
አይስል፣ አይደነግጥ።
የምስጋና ደብዳቤ ሰጡት፣ ከቸኮላታ ጋር፤
ስሙ ከመሃሉ
ሁለት ፊደል የጎደለ ነበር።

ትናንት ግን መጣ፣ በዋናው በር፤
ትኬት ገዝቶ፣ እንደ ሰው ተሰልፎ፤
ኮቱን ሰጠኝ፣ ቁጥር ሰጠሁት፤ ሁለት መቶ ዐሥር።
ዐሥራ ስምንተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ።
እኔም በስንጥቄ
መድረኩን ትቼ እሱን አየሁ።
መጀመሪያ ዝም።
ከዚያ አንገቱ ዘንበል።
ከዚያ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ ላይ የነበረ ዜማ
ገና ዛሬ ደርሶት፣
ፊቱ በእንባ ራሰ።
የመስመሩ መጨረሻ ሲቃረብ፣
ግራ እጁ ሳያውቀው ተነሣ፣
አየሩን ከጫፉ ይዞ
ገለጠው።
ከጎኑ ያለችው ሴትዮ
ገላመጠችው።

ሲወጡ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እሱ መጨረሻ ደረሰ።
ቁጥሩን አልጠየቅሁትም።
ኮቱን በሁለት እጄ ይዤ
ገልጬ ቆምኩለት፣
ክንዶቹን እስኪያስገባ፣
ግራውን አስቀድሞ።