ካርታ የሌለው ጎመን

ምንም አልዘራሁም፤ ይህ ይታወቅልኝ።
ጉልበቴ ካመፀ ሦስት ክረምት ሆነኝ፤
ዶማዬም ዝገቱን ደርቦ ታዘበኝ።
ግን ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣
ዝናቡ ቆርቆሮ መደብደብ ሲሰለቸው፣
የጓዳውን መዝጊያ ገፋ ባደርገው፣
ጓሮዬ ሞልቷል።

ጓሮ ማለት ይቺው፤ አራት በሦስት እርምጃ፣
ሰራተኛ ሰፈር፣ ከቀበሌው ቤት ጀርባ፤
ግማሿ ሽንት ቤት፣ ሩቧ ልብስ ማስጫ።
በተረፈችው ላይ
ጎመኑ በስንጥቅ፣ ቲማቲሙ በቦይ፣
ዱባው በተጣለ ምድጃ አናት ላይ፣
ድንብላሉ ደግሞ፣ ምን ታይቶት እንደሆን፣
ፀሐይ ከማያውቀው ደረጃ ሥር፣ ብቻውን።

ወፍ ዘራሽ ይሉታል። ወፉን ግን አውቀዋለሁ፤
ጋሽ ሽኩር ነው ስሙ፤ አጥሩ ማዶ ሳለ ስንቴ ጮኼበታለሁ።
የጎመን አገዳ፣ ፍሬው ሲደርቅለት፣
በኔ ቆርቆሮ ላይ እያራገፈበት፣
«ለዶሮሽ ቀለብ ነው» ይለኛል በኩራት።
ዶሮ መች ጨረሰው!
ሾልኮ አጥሩ ሥር የገባው፣ አድፍጦ የከረመው፣
ክረምት ሲሸኝ ነው አንገቱን ብቅ የሚያደርገው።

ባለፈው መጋቢት፣ ሰፈሩ ሲነሳ፣
አልጋና ቁምሳጥን፣ አንድ ድመት በኬሻ፣
አይሱዙ ላይ ጭኖ ገላን ሄደ ጋሽ ሽኩር፤
ከቤቱ የቀረው አንድ ነገር ነበር፦
መስታወት የያዘ ምስማር፣
በግማሽ ግድግዳ ላይ።
እሱንም ሰኔ ወሰደው።

ዶሮዎቼ ሦስት ናቸው።
ወሰራዋ ወሬኛ፣ ገብስማዋ ንግሥት፣
አውራው ደግሞ ቀይ ነው፣ አምና ለዘመን መለወጫ የገዛሁት፤
ቢላ ስዬ ወጣሁ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣
ሥጋ ከልኳንዳ ገዝተን
በዓሉን አብረን ዋልን።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ነበርኩ፤
የእርሳስ ፊደል ስለቅም ዓይኔን አስለቀምኩ።
ገብስማዋ ስትጭር፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣
ይህን ጥላ፣ ያንን አንስታ፣
ራሴን አያለሁ ከመደርደሪያው ሥር፣
«ጐ»ን ከ«ጎ» ስለይ፣ ምሳ ሰዓት ሲያልፈኝ።
እሷ ግን አራሚ ናት፤ ምሕረት የላትም።
ትናንት የወጣውን፣ ሁለት ቅጠል ያለው፣
እንደ ትርፍ ነጥብ መንጭቃ ጣለችው።
ቅርጫት ደፋሁባት፤ ቅርጫቱን ለብሳ ጓሮውን ዞረች።
እግሯን በሲባጎ አሰርኩ፤ ሲባጎውን በላች።

ማታ ላይ ደወልኩ። «ጎመንህ መጥቷል» አልኩት።
ዝም አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ
የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ሰማሁ።
«ስንት ነው?»
«ዘጠኝ ነበር።»
«ዶሮዋ?»
«አራቱን።»
ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።
«ተያት። የኔን ድርሻ ነው።»

ሐሙስ ሁለት ልጆች መጡ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣
ጓሮዬን በሜትር ለኩ፣ ጎመኑን ሳይረግጡ፣ ተጠንቅቀው፣
ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ።
«እማማ፣ ካርታ አለዎት?»
የኔን ነው የጎመኑን? ልላቸው ነበር፤
ልጆች ናቸው፣ ተውኩት።
ገብስማዋ መጣች፣
ያልደረቀውን ቀለም አንዴ ቀመሰችው፣
መንቁሯን በድንጋይ ጠረገች።

ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው፤ የሩፋኤሉ ዘነበ፣
የቀረው የሰፈር ልጅ አሸንዳ ሥር ተሰበሰበ።
ትልቁን ጎመን አልቆርጠውም፤
ያብብ፣ ይሸብት፣ ፍሬ ይቋጥር፤
እስከ ታኅሣሥ ከቆየን፣ እሱም፣ እኔም፣ ግድግዳውም፣
ከቆርቆሮው ማዶ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አራግፈዋለሁ።

ጋሽ ሽኩር ሲደውል ሁሉን ነገርኩት፦
ስለ ዝናቡ፣ ስለ አውራው ድምፅ መጎርነን፣
ከዘጠኙ ሁለት ስለመትረፋቸው።
ቁጥሩን ግን በሆዴ ያዝኩት።
ገብስማዋም ከእግሬ ሥር
አንዲት የድንብላል ፍሬ አነሳች፤
እሷም በሆዷ።