ብልቃጥ ቁጥር አርባ ሰባት

ሲስተር ኩለኒ ናት ብልቃጡን የሰጠችኝ፣
"አርባ ሰባት" ብላ በቁጥር የጠራችኝ።
"የእንቅልፍ ሆርሞን ነው፤ ወይ ደግሞ ዱቄት ነው፤
እኔም አላውቀውም፣ ሐኪሙም አያውቀው፤
ምስጢሩ ያለው በታሸገ ፖስታ ነው።"

ሳቅኩ። ወገቤን ይዤ፣ እንደ ምንም ሳቅኩኝ፤
እንቅልፍን ከዓይኔ ላይ ስገርፍ የኖርኩኝ፣
ከሞጆ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ሞጆ፣
ጋቢናው ሳሎኔ፣ ጋቢናው የኔ ጎጆ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ጎትቼ፣
መስኮቱን ለአዋሽ ነፋስ ከፍቼ፣
ጉንጬን በጥፊ መትቼ፣
እንቅልፍ ሲያንኳኳብኝ "ነገ ና" ያልኩት ሰው፣
ዛሬ በእንክብል አርገው፣ ቆጥረው ሊሰጡኝ ነው።

ደብተርም አለው። ጠዋት ጠዋት ከዜሮ እስከ አስር
ሕመሜን እንዳኖር።
የመጀመሪያው ሳምንት፦ ስምንት። ስምንት። ስምንት።
አንድ ቀን ብቻ ሰባት፣
እሱንም አዝኜ ነው፤ ሲስተር እንዳይከፋት።

በሁለተኛው ግን፣ የአዳማ ነፋስ
ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ አቧራውን ሲያፍስ፣
እኔ አልሰማሁም።
ጥሩወርቅ ናት የነገረችኝ፦
"ጣሪያው ሊሄድ ነበር፤ ተጣራሁ፤ ዝም አልከኝ።
ደንግጬ ትንፋሽህን በመዳፌ ለካሁኝ።"

ወገቤስ? ወገቤ አለ። አልለቀቀም ቤቱን።
ብቻ እንደ ጨዋ ተከራይ ኮቴውን አጥፍቶ
ይገባል፣ ይወጣል፣ በሩን ቀስ አርጎ ዘግቶ።
ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። አምስት ተኩል።
"ተኩል የለም" አለች ሲስተር።

ጋሽ ደበሌ፣ አርባ ስምንት፣ ፈልቅቆ ቀምሶታል፤
"የእኔስ ዱቄት ነው" ይላል፤ ግን እሱም ይተኛል።

ፖስታው ጥር ላይ ይከፈታል። ሆርሞን ከሆነ እሰየው፤
ዱቄት ከሆነም፣ ምናልባት
ያ ሚሌ ዳር አውርጄ ጥዬው የሄድኩት እንቅልፍ ነው፣
ሰፈሬን አጠያይቆ በእግሩ የመጣው።

በመጨረሻው ሳምንት ብቆጥር፣ አንድ ጎደለ።
ማንንም አልጠየቅኩም።
ጥሩወርቅ፣ ያቺ ሃያ ስድስት ዓመት
የጡሩምባዬን ድምፅ ስትጠብቅ
ጆሮዋ ያልተከደነ፣
እስከ ረፋድ ተኝታለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣
አንድ እጇ ወገቤ ላይ እንደ ትኩስ ጡብ ተረስቶ።

ሲስተር ቆጠረች። "አንዱ የት ደረሰ?"
"ነፋስ" አልኳት፤ "የፍራንኮ ነፋስ ኪሴን ዳበሰ።"
ቀና ብላ አየችኝ። ጻፈችው።
በደብተሩ ላይ ለጥሩወርቅ የተሰመረ መስመር የለም።
በጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ "ተኝታለች" ብዬ ጻፍኩ፤
ደግሞ ፈራሁና በላጲስ ፋቅኩ።